በበሬው ጀርባ ላይ ያለችው ወፍ

ይህን ምሳሌ ሳይሰሙ አይቀሩም። አዞ ጠግቦ ከበላ በኋላ ከወንዙ ወጥቶ አፉን በሰፊው ከፍቶ ይጋደማል። አንዲት ትንሽ ወፍ ያለ አንዳች ፍርሃት ወደ አፉ ትገባና በጥርሶቹ መካከል የተሰነቀረውን ሥጋ እየለቀመች ትበላለች። እርሷ ትጠግባለች፣ እርሱ ይጸዳል፣ አፉንም አይገጥምባትም። በሰርግ ላይ፣ በወጣቶች ጉባኤ ላይ፣ በባልና ሚስት ሴሚናር ላይ ስንት ጊዜ ተነግሯል! «አዞው ባል፣ ወፏ ሚስት» ተብሎ ሲተረጎምማ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል።

ምሳሌው ያምራል። ችግሩ እውነትነቱ አለመረጋገጡ ነው። ቀደም ብሎ ጽፎት የምናገኘው ሄሮዶቱስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሲሆን፣ ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት 5ኛው መቶ ዓመት ነው። እርሱም ቢሆን ወፏ ከአዞው አፍ የምትለቅመው አልቅት ነው አለ እንጂ የሥጋ ፍርፋሪ አላለም። ከዚያ ወዲህ ከ2,400 ዓመት በላይ አልፏል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ነገሩን በአስተማማኝ ፎቶግራፍ ወይም ፊልም ያረጋገጠ ሰው አልተገኘም።

ታዲያ የተለያዩ እንስሳት ተጠቃቅመው ይኖራሉ የሚባለው ሁሉ ተረት ነው ማለት ነውን? በፍጹም አይደለም። እውነተኛው ነገር በአገራችን፣ ያውም በዓይናችን ሥር አለ። ብቻ እንደ አዞው ምሳሌ የተስተካከለ አይደለም። ጥቅም አለበት፣ ጭቅጭቅ አለበት፣ አንዳንዴም ማታለል አለበት። ትዳር ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለው ታሪክ ይበልጥ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ከሐይቁ ፊትዎን መለስ ያድርጉ

ባሕር ዳርን ያውቋት ይሆናል። ለጫጉላ ወይም ለጉባኤ የሄደ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በውኃው ላይ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነውና አይፈረድበትም። የደንገል ታንኳው፣ ፔሊካኑ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ብቅ ጥልቅ የሚለው ጉማሬ ሁሉ ዓይን ይስባል። እኔ ግን ለጥቂት ጊዜ ጀርባዎን ለሐይቁ ሰጥተው ወደ ግጦሹ እንዲመለከቱ እለምንዎታለሁ። በተለይ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ በወረታ ዙሪያ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ለዚህ የተመቸ ነው።

በመጀመሪያ የሚያዩት ነጯን ሳቢሳ ነው። ከብቶቹ እየጋጡ በዝግታ ሲሄዱ እርሷም ከእግራቸው ሥር አትጠፋም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሬው በተራመደ ቁጥር በሣሩ ውስጥ የተደበቀው አንበጣና ፌንጣ ይዘልላል፤ እርሷም ቀለብ ታደርገዋለች። ብቻዋን ከምትፈልግ ይልቅ ከከብት ጋር ስትሆን ጥቂት ተራምዳ ብዙ ትይዛለች። በሬውስ ምን አተረፈ? አልፎ አልፎ ዝንብ ትለቅምለት ይሆናል እንጂ ይህ ነው የሚባል ትርፍ የለውም። ግን ምንም አልጎደለበትም። ስለዚህ ይህ ጉርብትና ነው እንጂ እኛ የምንፈልገው የመጠቃቀም ኑሮ አይደለም።

አሁን ወደ በሬው ጀርባ ቀና ይበሉ።

መዥገር ወይስ ቁስል?

ከድንቢጥ ከፍ ያለች፣ ቡናማ ጀርባ ያላት፣ መንቁሯ ደማቅ ቀይ፣ በቀይ ዓይኗም ዙሪያ ቢጫ ቀለበት ያለባት ወፍ ናት። ጥፍሮቿ የሾሉ ስለሆኑ በበሬው ጎን ላይ ቁልቁልም ሽቅብም ትሄዳለች፤ ከሆዱ ሥር ተንጠልጥላም ትሠራለች። ጠንካራው ጅራቷ ድጋፍ ይሆናታል። በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ለምትሠራው ጎጆ እንኳ ፀጉር የምትነጨው ከዚያው ከተቀመጠችበት እንስሳ ነው። ኑሮዋ ሁሉ በእርሱ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ዋናው ምግቧ መዥገር ነው። አንዲት ወፍ ደም ጠጥተው ያበጡ መዥገሮችን በቀን እስከ 100 ልትለቅም እንደምትችል የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። መዥገር ለከብት ምን ማለት እንደሆነ ለገጠር ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ደም ይመጣል፣ ቆዳ ያበላሻል፣ በሽታ ያስተላልፋል። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ከአዞው ምሳሌ የተሻለ ነው፤ እውነት ነውና።

ነገር ግን ገጣባ አህያ የሚነዳ ገበሬ ይህችን ወፍ ሲያይ ደስ አይለውም። ድንጋይ አንሥቶ ያባርራታል። ለምን? ወፏ መዥገር ብቻ ሳይሆን ደምም ትወዳለችና ነው። ቁስል ካገኘች በመንቁሯ ትነካካዋለች፤ ሊደርቅ የነበረው እንደ ገና ይደማል። ፖል ዊክስ የተባለ ተመራማሪ በዚምባብዌ በበሬዎች ላይ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ሲያወጣ ብዙዎችን አስደነገጠ። ወፎቹ እንዳይደርሱባቸው የተጠበቁት በሬዎች መዥገራቸው አልበዛም፤ ቁስላቸው ግን ፈጥኖ ዳነ። የገበሬው ድንጋይ ያለ ምክንያት አልነበረም ማለት ነው።

እንግዲህ «ወዳጅ» የተባለችው ወፍ ጠላት ሆና ተገኘች ብለው መጽሔቱን ከማጠፍዎ በፊት ሌላውንም ይስሙ። በምሥራቅ አፍሪካ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ይህችን ወፍ «አስካሪ ዋ ኪፋሩ» ይሏታል፤ የአውራሪስ ዘበኛ ማለት ነው። ሮአን ፕሎትዝና ዌይን ሊንክሌተር የተባሉ ተመራማሪዎች ስሙ እውነት ይኑረው አይኑረው በደቡብ አፍሪካ በጥቁር አውራሪሶች ላይ ፈተኑት፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2020 አሳተሙ። አውራሪስ ዓይኑ ደካማ ነው። ወፍ የሌለበት አውራሪስ ወደ እርሱ የሚመጣን ሰው ያወቀው ከመቶ 23 ጊዜ ብቻ ነበር። ወፏ ያለችበት ግን ሁልጊዜ አወቀ። የሚያውቅበትም ርቀት ከ27 ሜትር ወደ 61 ሜትር ከፍ አለ። ወፏ ሰው ስታይ ትጮኻለች፤ አውራሪሱም ድምፅዋን ሰምቶ ይዞራል። አዳኝ ጠመንጃ ይዞ በሚጠብቅበት አገር 34 ሜትር የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው።

ስለዚህ ይህች አንዲት ወፍ መዥገር ትለቅማለች፣ ቁስል ትነካካለች፣ አደጋም ሲመጣ ትጮኻለች። ሦስቱም እርሷ ናት። ባለትዳር አንባቢ እዚህ ላይ ለአፍታ ቆም ቢል ደስ ይለኛል። ከእኛ መካከል የትዳር ጓደኛውን የሚረዳ መስሎት የድሮ ቁስል የሚነካካ ስንቱ ነው? «ለእርሷ ብዬ ነው የምናገራት» እያለ። ወፏ መዥገሩን ለመልቀም የምትጠቀምበት መንቁርና ቁስሉን የምታደማበት መንቁር አንድ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ሥራው ይመሳሰላል። በሬው ግን ልዩነቱን ያውቃል። መዥገር ስትለቅም ዝም ይላል፤ ቁስሉን ስትነካ ጅራቱን ያወናጭፋል። ጅራት ሲወናጨፍ ማየት አያቅትም።

የዚህች ወፍ ዕጣ ከከብቱ ጋር የተሳሰረ መሆኑ የታወቀው በክፉ ቀን ነው። ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ አገራችን ገብቶ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉትን ረሃብ አመጣ። በሽታው በዚያ ሳያበቃ እየተዛመተ እ.ኤ.አ. በ1896 ደቡብ አፍሪካ ደረሰ፤ በዚያም ከብቱንና ጎሹን ጨረሰ። ከዚያ ቀጥሎ ገበሬዎች መዥገርን ለመከላከል ከብቶቻቸውን አርሴኒክ በተባለ መርዝ ይነክሩ ጀመር። መዥገሩን የበላችው ወፍ መርዙንም በላች። የዚህችው ወፍ ዘመድ የሆነችው ባለ ቢጫ መንቁሯ ከደቡብ አፍሪካ ጠፍታ ብዙ አሥርተ ዓመታት ቆየች፤ ወደ ክሩገር ፓርክ የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው።

በፎገራ ደግሞ የሚያሰጋው ሌላ ነው። በደርግ ዘመን የተጀመረው የሩዝ እርሻ ሜዳውን እየወረሰ መጥቷል። ሩዙ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗልና ክፉ ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም የወል ግጦሹ ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና የታየው እምቦጭም በሐይቁ ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ከብቱ የሚሰማራበትን ውኃ ገብ ሣር ሸፈነው። በወተቱ የታወቀው የፎገራ ዝርያ ራሱ ቁጥሩ እያነሰ ነው። ከብቱ ሲያንስ በጀርባው ላይ ያለችው ወፍ የት ትሄዳለች? ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላየሁም።

ስለ ጉማሬውም አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ደግ አይሆንም። ጉማሬ ሌሊት በየብስ ይግጣል፣ ቀን በውኃ ውስጥ ይውላል፤ የበላውንም የሚጥለው በዚያው ነው። ፋንድያው ውኃውን ያዳብረዋል፤ ከፋንድያው ጥቃቅን ነፍሳት ይበላሉ፣ ነፍሳቱን ዓሣ ይበላል። በኬንያ ምዚማ በተባለው ምንጭ ዓሦች የጉማሬውን ቆዳ እየጫሩ ሲያጸዱለት በፊልም ታይቷል። ነገር ግን መልካም ነገርም ሲበዛ ይጎዳል። ከ4,000 በላይ ጉማሬዎች በሚገኙበት በማራ ወንዝ የተከማቸው ፋንድያ በጎርፍ ሲናድ ውኃው አየር አጥቶ ዓሣ በብዛት እንደሚሞት እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በመንዝ

ከጣና ወደ ሰሜን ሸዋ እንሻገር። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ብርዳማ ሜዳ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ለቤት ክዳን የሚሆነውን የጓሳ ሣር በራሱ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ በመጠበቁ አይጡ ተጠበቀ፣ አይጡን የሚበላው ቀይ ቀበሮም ተጠበቀ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደሚያንሱ ይታወቃል፤ ሁሉም የሚኖሩት በኢትዮጵያ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮም እንዲሁ ከአገራችን ሌላ አገር የለውም።

በዚህ ሜዳ ላይ ቪቬክ ቬንካታራማን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ ያልተለመደ ነገር ተመለከቱ። ቀይ ቀበሮው በመቶ በሚቆጠሩ ጭላዳዎች መካከል ገብቶ ቀስ እያለ ይራመዳል። እናቶች ግልገሎቻቸውን አዝለው ሣር እየነጩ ናቸው። የጭላዳ ግልገል ለቀበሮ የማይናቅ ምግብ ነው፤ እርሱ ግን ወደ ግልገሎቹ አያይም። ጭላዳዎቹም አይሸሹም። ውሻ ሲያዩ ግን ወደ ገደሉ ይሮጣሉ፤ ስለዚህ ቀበሮውን ከውሻ ለይተው ያውቁታል ማለት ነው።

ቀበሮው እዚያ የሚሄደው ለአይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እንደታተመው ጥናት ከሆነ ብቻውን ሲያድን ከመቶ ሙከራው የሚሳካለት 25ቱ ነው፤ በጭላዳዎቹ መካከል ሲያድን ግን 67ቱ ይሳካለታል። የጭላዳዎቹ እንቅስቃሴ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ያስወጣ ይሆናል፤ ወይም አይጦቹ በመንጋው ምክንያት የቀበሮውን መምጣት ሳያዩ ይቀሩ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የቆመው ቀበሮው ራሱን በመግዛቱ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ቀበሮ ግልገል ሲነጥቅ አዩ። ጭላዳዎቹ በአንድነት ተነሥተው አስጣሉት፣ አባረሩት፤ ከዚያ በኋላም ሊመለስ ሲሞክር አላስጠጉትም። በአንድ ጉርሻ የዕለት እንጀራውን አጣ። የጭላዳዎቹ ጥቅም ምን እንደሆነ ግን ገና በግልጽ አልታወቀም፤ ምናልባት የቀበሮው መኖር ሌሎች አውሬዎችን ያርቅላቸው ይሆናል። ለእኔ የሚደንቀኝ የታገሡት እነርሱ መሆናቸው ነው።

የባልና ሚስቱ ዓሣ

አሁን የምነግርዎት ከቀይ ባሕር ነው፤ ባለትዳሮች በተለይ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። በዚያ ባሕር የጣት ርዝመት ያህል ያላት፣ ሰማያዊ መስመር ያለባት አጽጂ ዓሣ አለች። ትልልቆቹ ዓሦች ልክ እንደ ፀጉር አስተካካይ ቤት ወደ ሰፈሯ መጥተው ተራ ይጠብቃሉ። እርሷም ከቆዳቸው ላይ ጥገኛ ነፍሳትን ትለቅማለች። እርሷ ግን ከነፍሳቱ ይልቅ የምትወደው በደንበኛው ቆዳ ላይ ያለውን ልጋግ ነው። ልጋጉን ስትነክስ ደንበኛው ይደነግጣል፣ ተቆጥቶም ወደ ሌላ አጽጂ ይሄዳል።

አንዳንዴ ወንድና ሴት ሆነው አንድ ደንበኛ ያጸዳሉ። እዚህ ላይ ፈተናው ከባድ ነው፤ አንዱ ቢያታልል ሁለቱም እራታቸውን ያጣሉና። ሬድዋን ብሻሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ግን ሆኖ የተገኘው ተቃራኒው ነው። ጥንዶቹ ብቻውን ከሚሠራ አጽጂ የተሻለ አገልግሎት ይሰጣሉ። እንዴት? መልሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ከኒኮላ ራይሃኒ ጋር በተሠራ ሌላ ጥናት መጣ። ሴቷ ደንበኛውን ከነከሰች ወንዱ ያባርራታል፤ ከዚያ በኋላ እርሷም ተጠንቅቃ ትሠራለች።

ወንዶች አንባብያን ግን ይህን ይዘው እቤት እንዳይከራከሩበት አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ወንዱ ዓሣ የሚቆጣው ስለ ደንበኛው አዝኖ ሳይሆን እራቱ ስለቀረበት ነው። ሁለተኛ፣ እርሱም ያታልላል፤ ትልቅ በመሆኑ ብቻ የሚያባርረው አይገኝም። ጥንዶቹን የተሻሉ ያደረጋቸውም በዋናነት የሴቷ መጠንቀቅ ነው።

የምትጣራዋ ወፍ

እስካሁን ያየናቸው እንስሳ ከእንስሳ ጋር ነበር። ሰውም ግን በዚህ ውስጥ አለበት። ማር መሪዋ ወፍ በአገራችንም ትገኛለች። የንብ ጎጆ የት እንዳለ ታውቃለች፣ ዛፉን ግን መሰንጠቅ አትችልም፤ ንቦቹም ይነድፏታል። ሰው ደግሞ መጥረቢያና ጭስ አለው፣ ንቡ ያለበትን ግን አያውቅም። ስለዚህ ሰው ፈልጋ እየጮኸች ከዛፍ ወደ ዛፍ ትመራዋለች። ሰውየው ማሩን ሲወስድ እርሷ ሰሙንና እጩን ትበላለች።

ሁሴን አዳን ኢሳቅ የተባለው ከቦረና ሕዝብ የወጣ ኬንያዊ ሳይንቲስት ከሃይንዝ ኡልሪሽ ራየር ጋር ሆኖ ይህን በሰሜን ኬንያ ለካው። እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጽሑፍ፣ ማር ፈላጊዎቹ በማያውቁት አካባቢ አንድ የንብ ጎጆ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅባቸው፣ ወፏ ስትመራቸው ግን 3.2 ሰዓት ብቻ ፈጀ። ከተገኙት ጎጆዎች ደግሞ 96 በመቶው ሰው ካልከፈታቸው ወፏ የማትደርስባቸው ነበሩ። ቦረናዎች ወፏን የሚጠሩት «ፉሊዶ» በሚሉት ፉጨት ነው፤ በተጣመረ መዳፍ ወይም በቀንድ አውጣ ቅርፊት ይነፋል፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይም ይሰማል። በሞዛምቢክ ያሉት የያዎ ሰዎች ጥሪ ደግሞ «ብርርር-ህም» ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው። ክሌር ስፖቲስዉድ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየችው ይህን ድምፅ ያሰማ ሰው ወፏ የምትመራው ዕድል ከ33 ወደ 66 በመቶ ያድጋል።

ይህችንም ወፍ ቅድስት እንዳናደርጋት ያህል፣ እንቁላሏን የምትጥለው በሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ነው፤ የተፈለፈለው ጫጩቷም ዓይኑ ሳይገለጥ በሹል መንቁሩ የባለቤቷን ጫጩቶች ይገድላል። ከሰው ጋር ታማኝ፣ ከጎረቤት ጋር ጨካኝ ናት።

ስኳር በየሱቁ በሚገኝበት፣ ማርም ከቀፎ በሚቆረጥበት አካባቢ ወፏ ሰውን መምራት እየተወች እንደመጣች ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ጠርታ የሚከተላት ካጣች ጥሪዋ ዋጋ የለውም። በእርስዎ አገር ቤት፣ በዘጌ ይሁን በሜጫ ወይም በቦረና፣ ይህችን ወፍ ተከትለው ማር የቆረጡ ሽማግሌ ካሉ ዘንድሮ ለበዓል ሲሄዱ ይጠይቋቸው፤ እንዴት ይጠሯት እንደነበረም ለልጆችዎ ያሰሙላቸው።